ደስታን ፍለጋ ከጨንቻ ማዶ

ወደ ጋሞ ደጋ ወጥታችሁ የማታውቁ፣ ለመውጣትም ሐሳብ የሌላችሁ ወገኖቼ፣ እኔ ሄጄላችኋለሁ። የሄድኩት ግን ሐይቅና አዞ ለማየት አልነበረም። መንፈሳዊ መሪ ለመለየት ነው። አዞ ማየት ቢሆን ኖሮ ሥራው ይቀለኝ ነበር፤ አዞ አዞ መሆኑን አይደብቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ አዲስ አበባ ነን፤ ከጨንቻ ወዲያ ደጋው ላይ ደግሞ አንዲት ትንሽ አጥቢያ አለችን። ከዋናው ቢሮ የተላኩላት መሪዎች ሁሉ የአንድ ክረምት ብርድ ከቀመሱ በኋላ ወደ ከተማ የሚጠራ ራእይ እያዩ ወርደዋል። በመጨረሻ ምእመኑ ተሰብስቦ ከራሱ መሀል መረጠ። ምርጫው የሚጸናው ግን ከእኛ ዘንድ ልዑካን ሄደው፣ አይተው፣ ጸልየው «ከጌታ ነው» ሲሉ ነው። እኛ እምቢ ካልን ሌላ ሰው ከከተማ ይላክላቸዋል፤ ያ ከሆነ አጥቢያዋ ለሁለት እንደምትከፈል በስልክ ተነግሮናል።

ልዑካኑ ሦስት ነበርን። ፓስተር ግርማ ሕልም ያያል፣ መኪናም ይነዳል። እህት ሶስና የጸሎት ክፍል አስተባባሪ ናት፤ ማስተባበር ማለት በእኛ ቤት ዳቦ ቆሎ፣ ውሃና ሶፍት ይዞ ከኋላ መቀመጥ ነው። እኔ ዕድሜዬን አማርኛ ሳስተምር የኖርኩ ጡረተኛ ነኝ፤ «የመለየት ጸጋ አለው» ይባልልኛል። ይህ ስም የወጣልኝ ስብሰባ ላይ ብዙ ስለማልናገር ይመስለኛል።

ከመነሳታችን በፊት የአጥቢያዋ ሽማግሌ አቶ አንጁሎ ደወሉልኝ።

«ፓስተር ግርማ ደህና ናት?» አሉ።

ደህና ነው አልኳቸው።

«እኛ ደስታን መርጠናል። ጥሩ መሪ ናት። ሕዝቡ ይወዳታል።»

ፈገግ አልኩ። አቶ አንጁሎ አፋቸውን የፈቱት በጋሞኛ ነው፤ አማርኛቸው ወንዱን ሴት፣ ሴቱን ወንድ እያደረገ ነው የሚሄደው። ፓስተር ግርማን ከነጢሙ ሴት ካደረገ አማርኛ ሌላ ምን ይጠበቃል? ስለዚህ ለጓደኞቼ ስነግራቸው እንደ ልማዴ አርሜ ነገርኳቸው፤ «ወንድም ደስታ ጥሩ መሪ ነው፤ ሕዝቡ ይወደዋል።» የጎደለኝ ቀይ እስክሪብቶ ብቻ ነበር። ተመራጩ ራሱን እንዳያሳምር ደግሞ የመጣንበትን ጉዳይ ፊት ለፊት ላንነግረው ተስማማን።

ሐሙስ

ጎህ ሳይቀድ ልንነሳ ነበር። የመሸኛው ጸሎት ስለረዘመ የወጣነው ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ነው። ፓስተር ግርማ ጸሎቱ መንገዱን እንደሸፈነው ነገረን። ሆሳዕና ሳንደርስ ጎማ ፈነዳ። ተቀያሪውን ስናወርደው እሱም አየር የለውም። ፓስተር የመንገዱን ጠላት ገሠጸ፤ እኔ ደግሞ ከመነሳታችን በፊት ተቀያሪውን ማን እንዳላየው እያወቅኩ ዝም አልኩ።

ያለፈ አይሱዙ አስቁመን ጎማውን ወደ ከተማ ወሰድነው። ጎሚስታው እጁ እስከ ክርኑ በግሪስ የጠቆረ ሰውዬ ነበር። የራሱን በርጩማ ለእህት ሶስና ለቀቀላት፤ ከጎረቤት ሻይ አስመጣልንና እሱ መሬት ላይ ተንበርክኮ ለጠፈ። አዲስ አበባ እኔ ሰፈር ያለው ጎሚስታ ሰላም ሲሉት እንኳ ቀና አይልም። ማታ ሶዶ ገባንና በሩ ላይ «ሙቅ ውሃ አለ» የሚል ሰሌዳ ያለበት ፔንሲዮን አደርን። ሙቅ የነበረው ሰሌዳው ብቻ ነው።

ዓርብ

ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ መንገዱ አባያን በግራ ይዞ ይወርዳል። ሐይቁ ወተት የበዛበት ሻይ ይመስላል። እኛ በኪሎ እያስመዘንን የምንገዛውን ሙዝ እዚያ በዘለላው መንገድ ዳር ደርድረውታል፤ እህት ሶስና አንድ ዘለላ ገዝታ ጭኗ ላይ እንደ ልጅ ታቀፈችው።

አርባ ምንጭ ከተማው ሁለት ነው፤ ታች ሲቀላ፣ ላይ ሰቻ። የተኳረፉ ሽማግሌዎች ይመስል መሀላቸው ክፍተት አለ፤ የሚያመላልሳቸው ሚኒባስ ነው። አቶ አንጁሎ በሁለተኛው ስልክ «ሰቻ ስትደርሱ የሚመራችሁ ልጅ ይጠብቃችኋል» ብለውን ነበር። በዚያ ሙቀት ሰማያዊ ሙሉ ልብስ ከነክራቫቱ የለበሰ ጎልማሳ ፔንሲዮናችን በር ላይ ቆሞ አገኘነው።

«ወንጌላዊ ደስታ እባላለሁ» አለ። «እንድመራችሁ ተልኬ ነው።»

ሦስታችንም ተያየን። ፓስተር ግርማ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

ራት አሳ ጉላሽ አዘዝን። ወንጌላዊ ደስታ ማዕዱን ባርክ ሲባል ተነሥቶ ቆመና አሳው እስኪቀዘቅዝ ጸለየ። ድምፁ በቴሌቪዥን እንደምናያቸው ሰባኪዎች ሻከር ያለ ነው። እኔ ግን ያየሁት አማርኛውን ነው። አንድም የጾታ ስህተት የለበትም። እንዲህ ያለውን ልጅ አቶ አንጁሎ «ናት» ማለታቸው በጣም አሳቀኝ።

«ለሕዝቡ ሸክም አለህ?» አለው ፓስተር።

«ከሸክሙ የተነሣ እንቅልፍ የለኝም» አለ።

በማግስቱ ጠዋት ለጉዞ ልንቀሰቅሰው በሩን ስንደበድብ ጎረቤት ክፍል ያሉት ሁሉ ከእሱ በፊት ነቁ።

ቅዳሜ

ቁርስ ላይ እሱ ሳይመጣ የተገለጠልንን ተነጋገርን። ፓስተር ግርማ በሕልሙ አረንጓዴ ተራራ ላይ ሰማያዊ የለበሰ ሰው ቆሞ አይቷል። ከመተኛቱ በፊት የሰውየውን ሰማያዊ ልብስ ለሁለት ሰዓት ያህል ሲያየው እንዳመሸ ያነሣ የለም።

«አንቺስ?» አላት እህት ሶስናን።

«እኔ ምንም አላየሁም» አለች።

«ምንም አለማየትም ሰላም ነው» አለና ሰላም እንደተሰማት አድርጎ ያዘው። ወደ እኔ ሲዞር እኔም እንደሚጠበቅብኝ ለየሁ። ወንጌላዊው ሲመጣ ፓስተር ትከሻው ላይ እጁን ጭኖ «ወንድሜ፣ ተዘጋጅ» አለው። ለምን እንደሆነ አልነገረውም። ልጁ አንገቱን ደፍቶ «አሜን» አለ።

ከሙቀቱ ወደ ጉሙ መውጣት ጀመርን። ጆሮ ይደፍናል። ዶርዜ ላይ ሸማኔዎቹ ጥቁርና ቀይ ቢጫውን የዱንጉዛ ጨርቅ አጥር ላይ ሰቅለው ቱሪስት ይጠብቃሉ። እኛ ሰማያዊ ሙሉ ልብስ ይዘን ስለነበር አልቆምንም። ጨንቻ ገበያ ቀን ነበርና ሰው መሀል እየተሹለከለክን አለፍን። ከጨንቻ ወዲያ ጭቃው ያዘን። ጎማው በዞረ ቁጥር መኪናው ይሰምጣል። ወንጌላዊ ደስታ ልብሱ እንዳይበላሽ ከፍ ያለ ድንጋይ ላይ ወጥቶ እጁን ወደ መኪናው ዘርግቶ ጸለየ። ፓስተር ነዳጁን ረገጠ። እኔ ሁለቱንም አደነቅኩ።

ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች ደረሱ። ፊት የነበረችው ጠና ያለች፣ ቀጠን ያለች ሴት ጀርባዋ ላይ ያለውን ሸክም አውርዳ መኪናውን ዞረችና መስኮቱን አንኳኳች።

«ውረዱ» አለች።

ሌሎቻችን ወረድን። ፓስተር ቀረ። «እህቴ፣ እኔ መሪ ይዣለሁ» አላት።

«መሪ አይሸሽም። አንቺ ከባድ ነሽ፣ ውረጂ።»

ፓስተር ግርማ ወረደ። መኪናው በግልጽ ከፍ አለ። ሴቶቹ ከአጥር ጥግ የቀርከሃ ስባሪ ሰብስበው ጎማው ሥር ነሰነሱ፣ ሴትየዋ በጋሞኛ ትጮኻለች፣ እህት ሶስና መሀላቸው ገብታ ትገፋለች። ወጣን። ሴትየዋ ፊቷ ላይ የተረጨውን ጭቃ በክንዷ ጠርጋ «ልዑካን ናችሁ አይደል? እኔ ቤት ነው የምታድሩት» አለችና ሸክሟን አዘለች። ሰዉ በልጇ ስም የእስራኤል እናት ነው የሚላት። መኪናው ላይ እንድትሳፈር ብንለምናት በእግሯ ቀድማ ትደርሳለች ተባልን፤ ደረሰችም።

«የመታዘዝ መንፈስ ይጎድላታል» አለ ፓስተር በመንገድ ላይ። እህት ሶስና በሶፍት ጫማዋን ጠረገች።

ቤቷ የቀርከሃ ነው፤ በሩ ዝቅ ያለ። ፓስተር ሲገባም ሲወጣም ግንባሩን መታ። ቆጮ ከአይብና ከሚያቃጥል ዳጣ ጋር አቀረበችልን። አዲስ አበባ በባህል ምግብ ቤት ዘፈንና ጭፈራ ተጨምሮበት የበላሁት ቆጮ ለካ የዚህ የሩቅ ዘመድ እንኳ አይደለም። እሳቱ አጠገብ ያለውን ቦታ ለእኛ ሰጥታ እሷ በሩ ጋ፣ ብርዱ ላይ ተቀመጠች።

ከራት በኋላ ለነገው የመለየት ጸሎት ያዝን። መያዙን ያዝን፤ ቤቱ ግን ሰው አላባራ አለ። ላሟ የታመመችባት መጣች። ልጇ ከቤት የጠፋባት መጣች። ቀጥሎ በእንሰት ማሳ ድንበር የተጣሉ ሁለት ወንድማማቾች እየተጯጯሁ ገቡ። ሴትየዋ አንዱንም ልናገር ሲል አላስናገረችውም። አንድ ሳህን መሀላቸው አስቀመጠችና «ብሉ» አለቻቸው።

ፓስተር ግርማ ዓይኑን ገለጠ። «እህቴ፣ የጌታን ድምፅ ለመስማት ጸጥታ ያስፈልገናል። ሰዎቹን ወደ ውጭ ብትወስጂልን።»

«ውጭ ብርድ ናት» አለች። ቢሆንም እንግዳ ነንና ሳህኑንም ሰዎቹንም ይዛ ወጣች። እኛ በጸጥታ መሪ እንዲገለጥልን ጸለይን። «አሜን» ስንል ወንድማማቾቹ በአንድ ባትሪ አብረው ሲሄዱ በበሩ አየኋቸው። ይህ ቤት ለጸሎት እንደማይመች ተስማማን።

ልተኛ ስል ሴትየዋ ከባድ ቡሉኮ አለበሰችኝ። «መምህር፣ ደህና አያችሁ?» አለችኝ።

ስለ አገሩ መስሎኝ «ጉም ነበር፤ ብዙም አልታየንም» አልኳት።

«እሺ። ነገ ይገለጥ ይሆናል» አለች።

እሑድ

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ከእኛ ጋር ሲነጻጸር ድምፅ ማጉያው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ለፓስተር ግርማ ተሰጠ። ስለ መሪነት ሰበከ፤ መሪ ዝቅ ብሎ እንደሚገባ ሲናገር ግንባሩ ላይ ያለው እብጠት ያበራ ነበር። ከዚያ ሕልሙን ተረከና «ጌታ ያሳየንን፣ እናንተም የመረጣችሁትን ወንድም ደስታን ወደ ፊት እንጥራ» አለ።

ወንጌላዊ ደስታ በድንጋጤ ብድግ አለ። ወዲያው ግን ክራቫቱን አስተካክሎ መድረኩ ላይ ወጣ። እልልታ ስጠብቅ አንድ ሕፃን አስነጠሰ።

አቶ አንጁሎ ዱላቸውን ይዘው ተነሡ። «ፓስተር ተሳስታለች» አሉ። «ይሄ ደስታ የእህቴ ልጅ ናት። ከተማ ነው የምታገለግለው። መንገድ እንድትመራ ላክናት። እኛ የመረጥነው ደስታ ይቺ ናት።»

ዱላቸው ወደ ሴቶቹ መቀመጫ ዞረ። የእስራኤል እናት ነጠላዋን እንዳጣፋች ተቀምጣለች።

አማርኛ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል ብዬ እኔ ተነሣሁ። «ጋሽ አንጁሎ፣ በስልክ እኮ...»

«በስልክ ናት አልኩህ።»

«አዎ፣ ግን ፓስተር ግርማንም ናት ብለውኛል...»

ሽማግሌው አልተቆጡም። «እኛ አማርኛ እንሳሳታለን» አሉ። «ወንዱን ሴት እንላለን፣ ሴቱን ወንድ እንላለን። ደስታ ላይ ግን አልተሳሳትንም።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ይህን ሁሉ አገር አቋርጠን ሦስት ሰው የለየነውን፣ በሕልምም በሰላምም ያረጋገጥነውን ሰው የፈጠርኩት እኔ ነኝ፤ በአንዲት እርማት።

ያን ጊዜ ሴትየዋ ተነሣች። ስትናገር ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር፤ መኪናውን ስታስወጣ የጮኸችው ሴት አትመስልም።

«ሲመርጡኝ እምቢ አልኩ። ሴት ናት ይሉኛል፣ ሕዝቡ ይከፈላል ብዬ ፈራሁ። ከሩቅ የሚመጡት ይዩኝና ይናገሩ አልኩ። እኔ መሆኔን ታውቃላችሁ ብዬ ነው ቤቴ ያሳደርኳችሁ። ክፉም ካያችሁ እዚህ ሰው ፊት ተናገሩ።» ሦስታችንንም በየተራ አየችን። «ምን አያችሁ?»

ፓስተር ግርማ ማጉያውን መታ መታ አደረገው፤ ይሠራ ነበር። እኔ «ጉም ነበር» ያልኳት ትዝ ብሎኝ አፈርኩ። በጣም አፈርኩ።

እህት ሶስና ሳትጠራ ተነሣች። ስንት ጉዞ አብረን ስንሄድ እንዲህ አድርጋ አታውቅም።

«እኔ ያየሁትን ልናገር» አለች። «ፓስተርን ከመኪና አስወረደችው፤ መኪናው ወጣ። የተጣሉትን ወንድማማቾች ሳትፈርድ በፊት አበላቻቸው። ለእኛ ጸጥታ ብላ ብርድ ላይ ተቀመጠች። ዛሬ ጠዋት ፊቴን ስታጠብ ሁለቱ ወንድማማቾች ከማሳው መሀል አጥር አብረው ሲነቅሉ አየሁ። ትናንት ጠዋት ሰላም ተሰምቷታል ተብሎልኛል። አልተሰማኝም ነበር። አሁን ነው የተሰማኝ።»

ፓስተር ግርማ «በጸሎት እናየዋለን» አለ። የእኛን ቤት የማያውቅ ሰው ይህን ተስፋ ሊለው ይችላል። ስንቱን ጉዳይ በዚህች ቃል እንደገነዝን እኔ አውቃለሁ። እነሱም ያውቁ ኖሯል፤ አቶ አንጁሎ «እስከ ስንተኛው ክረምት?» ብለው ተቀመጡ።

ሰዉ ሲወጣ ወንጌላዊ ደስታ ከአዳራሹ ጀርባ ኮቱን አውልቆ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። አሳዘነኝ።

«አጎቴ መንገድ አሳያቸው ብሎ ነው የላከኝ» አለኝ። «ለምን እንደመጣችሁ እንኳ አልነገረኝም። መምህር፣ ተዘጋጅ ስትሉኝ ተዘጋጀሁ። ምን ላድርግ?»

አጠገቡ ተቀመጥኩ።

ሰኞ

የእስራኤል እናት፣ አሁን ደስታ ልበላት፣ የተቀቀለ ድንችና የጨንቻ ፖም በሻሽ ቋጥራ ለመንገድ ሰጠችን። አዲስ አበባ ያስተናገደንን ሰው እንደዚህ ብናሳፍር ዳግም በሩን የሚከፍትልን አይመስለኝም። ስለ ትናንቱ አንድ ቃል አላነሣችም። ለፓስተር ግርማ ብቻ «በሩ ላይ ዝቅ በይ» አለችው፤ ዝቅ አለ።

ጭቃው ዳግም ሲይዘን ወንጌላዊ ደስታ ማንም ሳይነግረው በሸሚዙ ወርዶ ገፋ። ጨንቻን አልፈን ዶርዜ ልንደርስ ስንል ስልኬ ኔትወርክ አገኘ። ፓስተር መኪናውን ዳር አስያዘ። አዲስ አበባ ያሉት ሰብሳቢያችን ወሬ እየጠበቁ ነበር፤ ለሳምንቱ ስብሰባ የሚያቀርቡት የእኛን ቃል ነው።

«አንተ ነህ መጀመሪያ ስልኩን ያነሣኸው» አለኝ ፓስተር። «አንተ ንገራቸው። በጸሎት እያየነው ነው በላቸው።»

እህት ሶስና ከኋላ ወንበር አየችኝ። ደወልኩ።

«እሺ መምህር» አሉ ሰብሳቢው። «እንዴት ነው ደስታ? ጥሩ ሰው ነው?»

«ጥሩ ናት» አልኩ። «ሕዝቡ ይወዳታል።»

ሳቁ። እስኪበቃቸው ሳቁ። «አይ መምህር፣ በጥቂት ቀን የጋሞ አማርኛ ተጋባብህ? በል ሪፖርቱ ላይ እንዳይረሳህ፣ አርመህ ጻፈው።»

«አርሜዋለሁ» አልኩ። «ናት።»

ሳቁ ቆመ። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ከጆሮዬ አውርጄ አየሁት። አልተቋረጠም፤ ሲተነፍሱ ይሰማኛል።